የሚሟሟው ብሎን

ቻንግዎን፣ ደቡብ ኮሪያ
መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ብርሃኔ
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት

ክረምቱን አሳልፎ ለአዲሱ ዘመን ያበቃችሁ አምላክ ይመስገን። እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። እትዬ ዓለሚቱ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ይሻላቸዋል? ልጅዎ ሐረገ ወይንስ እንዴት ናት? የስማዳ ገበሬዎች የግብርና ባለሙያዋን ምክር መስማት ጀመሩላት ወይስ ዛሬም «ይህች ልጅ እርሻ ምን ታውቃለች» ይሏታል?

ባለፈው «ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠራለህ? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እውነትዎን ነው። እርስዎ አሳድገው፣ አስተምረው ልከውኝ፣ እኔ ግን የምሠራውን እንኳ በወጉ አላስረዳሁዎትም።

ማግኒዥየም የሚባል ብረት አለ። ከአሉሚኒየም እንኳ የቀለለ ነው፤ በእጅዎ ቢይዙት እንጨት የያዙ ይመስልዎታል። ሰው አካል ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ሟሙቶ ያልቃል። ክፋቱ ደካማ ነው፤ ቀዝቃዛውን ሊያጥፉት ቢሞክሩ ይሰነጠቃል። የኔ ሥራ እሱን ማጠንከር ነው። ከሌላ ማዕድን ጋር ቀይጠን፣ አሙቀን፣ እንደ ክርን በታጠፈ ጠባብ ቦይ ውስጥ በትልቅ መጭመቂያ እንገፋዋለን። ሲወጣ ልኩ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። እንደ አሞሌ ስባሪ ሻካራ የነበረው ቅንጣት ይደቅቃል። አዙረን ደግመን እንገፋዋለን። ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል።

ታዲያ ከዚህ ለተሰበረ አጥንት የሚሆን ብሎን ይሠራል። ሐኪሙ ያስገባዋል፤ አጥንቱ እስኪገጥም አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚያ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ብረት ለማውጣት ተብሎ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የለም። አጎቴ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደ መረጥሁ ሳልነግርዎ ይገባዎታል። እናቴ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በእግሯ ወጥታ፣ ለሁለተኛው ገብታ ነው የቀረችብን።

ባለፈው ሳምንት የገፋነው ቁራጭ እጅግ ያማረ ሆኖ ወጣ። ፕሮፌሰሬ እጄን ጨበጡኝ። የኔ ብሎን ሰው አጥንት ውስጥ የሚገባበት ቀን ሩቅ አይደለም ብልዎ አላጋነንሁም።

ቡራኬዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ጥላዬ

—

ቤተ ልሔም
ጥቅምት ፳፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ፣ ለኔም ልጅ ለሆንኸው ለጥላዬ

በወጣህበት በገባህበት ሁሉ መልአኩ ይከተልህ። በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኛ በቸርነቱ አለን። የኛ አገር የስልክ መስመር ከጠፋ ስለ ከረመ፣ ጓደኛህ ጌታነህ ደብረ ታቦር ካለው ሱቁ ደብዳቤህን በወረቀት አውጥቶ በሚኒባስ ሰደደልኝ። ይህንንም እሱው ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል።

ደብዳቤህን ከቅዳሴ በኋላ ለካህናቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ቄስ አድማሱ ሁለተኛ አስነበበኝ። «ይህ ልጅ ቅኔ ቤት ቢቀር ኖሮ ለዓለም ምን ይቀርበት ነበር» አለ። ኮራሁ ልጄ፤ ሽማግሌ መኩራት ባይገባውም ኮራሁ።

እስቲ ልጠይቅህ። ያ ብሎን አሁን በእጃችሁ አለ? ሙሉ ሰው የሚቆምበትን አጥንት፣ ለምሳሌ ቅልጥምን፣ ሊሸከም ይችላል? ለሴት አካልስ ይስማማል? ቶሎ ካልተገኘ ለምን ያህል ጊዜ መጠበቅ ይኖርበታል፣ ሰው ቢፈልገው ማለቴ ነው? የምጠይቅህ ነገሩ ቢደንቀኝ፣ ለማወቅ ያህል ነው።

ገብሱ ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ውርጭ ካልመታው። ዓለሚቱ ትስምሃለች። ሐረገ ወይን እዚሁ እቤት ናት፤ ታርፋለች። ገንዘብ እንዳትልክ፤ ከአንተ ገንዘብ አልፈልግም። ሥራህን ብቻ አፍጥነው።

መሪጌታ ብርሃኔ

—

ቻንግዎን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ሰላምዎና ጤናዎ ይብዛልኝ። በሰማይ ቤት ነገር የሚጨነቁት አጎቴ ስለ መጭመቂያና ስለ ብሎን ሲጠይቁኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አይጠይቁኝ። ደብዳቤዎን እዚህ ላሉት ጓደኞቼ ተርጉሜ አነበብሁላቸው።

ቅልጥም ይሸከማል ወይ ላሉኝ፣ ጥንካሬው እዚያ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። ጥቂት የሚስተካከል ነገር አለ፤ የሙቀት ጉዳይ ነው። ከጥምቀት በፊት መልካም ዜና እንደማሰማዎት ተስፋ አለኝ።

ሐረገ ወይን ግን በመኸር፣ ገበሬው አብዝቶ በሚፈልጋት ወቅት፣ እንዴት እቤት ዋለች? ፈቃድ ወስዳ ነው? እሷ እንኳን ዐርፋ፣ ተኝታም የምታርፍ አይመስለኝም ነበር።

ልጅዎ ጥላዬ

—

ቤተ ልሔም
ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለጥላዬ

የዛሬው ባለ በዓል ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያውጣህ። «ከጥምቀት በፊት» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኋት። መልካም ነው። እንጠብቃለን።

ሲደርስ አራት አምስት ብሎን በሰው እጅ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቅልኝ። የኛ አገር ሐኪም ተቀብሎ እንዲሠራበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገው ይሆን? ካስፈለገም አብረህ ላክ። አደራህን፣ ይህን አትርሳ።

ስለ ሐረገ ወይን ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ናት፤ እግዜር ይመስገን። ወንድሜን ሳሙልኝ ብላለች።

መሪጌታ ብርሃኔ

—

ቻንግዎን
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ

ጥምቀት አለፈ፤ አልጻፍሁልዎትም። የምጽፈው መልካም ዜና ስላልነበረኝ ደብዳቤዎን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ነገ ዛሬ እያልሁ ቆየሁ። ትናንት ስለ ሌላ ጉዳይ ጌታነህ ዘንድ ደወልሁ። ከሰላምታው ቀጥሎ፦

«የሐረገ ወይን እግር እንዴት ሆነላት?» አለኝ።

«የምን እግር?»

«መሪጌታ አልነገሩህም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ኧረ ጥላዬ! ጥቅምት ላይ ንፋስ መውጫ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ግራ ቅልጥሟ ተሰብሯል። ሐኪሙ ብረት ይግባላት ቢል፣ መሪጌታ ‹ልጄ የሚሟሟውን እየሠራ ነው፣ እሱን እንጠብቃለን› ብለው በጀሶ ብቻ ወደ ቤት መለሷት። እኔ ደግሞ አንተ ልትልክላቸው የተስማማችሁ መስሎኝ!»

አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀድሞ ልነግርዎ ይገባኝ የነበረውን። ብሎኑ የለም። ያማረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። ይበልጥ እንዲደቅ ብዬ ሙቀቱን ዝቅ አደረግሁት። ሙቀቱ በወረደ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ ግን ልክ አለው። ከልኩ ሲያልፍ ብረቱ እዚያው ቦዩ ውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ኅዳር ላይ «ጥቂት የሚስተካከል ነገር አለ» ብዬ ስጽፍልዎ፣ የተሰነጣጠቁት ቁራጮች ጠረጴዛዬ ላይ ከፊቴ ነበሩ። ያልተሰነጠቀውንም እንደ ሰው ደም በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ብናስቀምጠው አረፋ እየደፈቀ፣ አጥንት ሊገጥም ከሚችልበት ጊዜ በፊት ተበልቶ አለቀ። ሌሎች የሠሯቸው ለጣትና ለመሰል ትንንሽ አጥንት የሚሆኑ አሉ። የኔው ግን ገና በጥንቸል እንኳ አልተሞከረም። ሁሉም ቢሳካ ሰው ጋ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይህን መስከረምም ላይ ዐውቀው ነበር።

«ሩቅ አይደለም» ያልሁዎት በርስዎ ፊት ትልቅ ሰው መምሰል አምሮኝ ነው።

ይህ ወረቀት እንደደረስዎ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ያገኙትን ብረት ያስገቡላት። አደራዎን። የወጣ ወጪ ሁሉ በኔ ነው።

ጥላዬ

—

ቤተ ልሔም
መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ጥላዬ

እንደ ልማዴ ቡራኬ ልጽፍ ብዕር ብይዝ እጄ እምቢ አለኝ። ቡራኬ ሰጪ አይደለሁም በአሁኑ ሰዓት።

ወረቀትህ በደረሰኝ ማግስት ጎረቤት በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አወጣልን፤ ባሕር ዳር ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ካንተ አይበልጥም። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ።

«አባ፣ አጥንቱ ገጥሟል» አለኝ።

«ተመስገን» አልሁ።

«አይ፣ ቆይ። የገጠመው ተጣሞ ነው። እግሯም አጥሯል። እንዲህ ሆና ከቆመች ጉልበቷም ወገቧም ይበላሻል። እንደገና ተሰብሮ፣ ተቃንቶ፣ ብረት ሊገባበት ነው።»

«ማነው የሚሰብረው?»

«እኛ ነና፣ አባ።»

አንገቴን ደፋሁ። ሐረገ ወይን እዚያው አልጋ ላይ ሆና ሁሉን ትሰማለች። ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ወጣች። ዓለሚቱ በመጀመሪያው ቀን ደብረ ታቦር ላይ «እንዳሉን እናድርግ፣ ሐኪም ያለውን እንስማ» ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ጽፈሃል። አይደለም። የደበቅሁህ እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ብረት» ሲለኝ፣ የገባ ብረት ይወጣል ብዬ አሰብሁ። ሲወጣ ደግሞ ያየሁት እኅቴን ነው፤ እናትህን፣ ብረቱን ሊያወጡላት በገባችበት ቀን፣ በሩ ሲዘጋባት። ወዲያው ያንተ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። መልአክ የላከልኝ መሰለኝ።

ለምን አልነገርሁህም? ብነግርህ ትምህርትህን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ፤ ይህን ለዓለሚቱም ለራሴም ስናገር ቆይቻለሁ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይኸውልህ። ሐረገ ወይን ተሰበረች ብዬ ብነግርህ «አጎቴ፣ አልደረሰም፣ አይጠብቁ» ትለኝ እንደሆነ ብዬ ሰጋሁ። ሳልነግርህ ስቀር ተስፋዬ በእጄ ይቆያል። ካህናቱ በመጡ ቁጥር «ልጄ ይሠራላታል» ማለት ጣፍጦኝ ነበር። አፌ ሲጣፍጥ የልጄ አጥንት ተጣመመ።

ተማሪዎቼን ወደ ሌላ መምህር ሰድጃቸዋለሁ። አንደበቱ እንዲህ ያጠፋ ሰው ምን ያስተምራል?

ቀዶ ጥገናው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው ብለውናል።

ብርሃኔ

—

ቻንግዎን
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አባቴ

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ መጭመቂያው ክፍል አልገባሁም። ትናንት ፕሮፌሰሬን ሥራውን ልተው ነው አልኋቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሰሙኝና «የጻፍኸው ስሕተት ነው፤ ብረቱ ግን አልዋሸም» አሉኝ። አልተጽናናሁበትም።

የሐረገ ወይን እግር እንደገና የሚሰበርበትን ሰዓት እያሰብሁ እዚህ መቀመጥ አልችልም። ፈቃድዎ ከሆነ ለቀዶ ጥገናው እደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ አልመለስም። ንፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ባገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከንግዲህ በኔ ቃል ማንም ተማምኖ አይጎዳም።

አንድ ቃል ይላኩልኝ። ና ቢሉኝ እመጣለሁ።

ጥላዬ

—

ቤተ ልሔም
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ጥላዬ

እንዴት ከርመሃል? መልስ ስትጠብቅ ሁለት ወር እንዳለፈህ ዐውቃለሁ። አባ ሊጽፍልህ ደጋግሞ ተቀምጦ ደጋግሞ ተነሣ። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አስመጥቼ አነበብኋቸው። የርሱንም ጌታነህ በስልኩ ካስቀረው አውጥቶ ሰጠኝ። ስለኔ ይህን ሁሉ ስትጻጻፉ አንዳችሁም ለኔ አለመጻፋችሁ ገረመኝ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ጻፍሁ።

ቀዶ ጥገናው ተሠርቷል። ያደነዘዙኝ ከወገቤ በታች ብቻ ስለ ነበር፣ መዶሻውን ሰምቻለሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍልህም። አሁን በክራንች እሄዳለሁ። ግራ እግሬ በጥቂቱ ያጥራል፤ ጫማሽ ከሥሩ ይጨመርበታል ብለውኛል። ማነከሱ ይቀራል ወይ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው «ሙሉ በሙሉ አይቀርም» አለኝ። ፊት ለፊት ስለ ነገረኝ ወደድሁት።

አንድ ሌላ ነገርም ጠየቅሁት። «ይህ ብረት መቼ ነው የሚወጣው?»

«ካላስቸገረሽ ለምን ይወጣል?» አለኝ። «ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል።»

አየህ ጥላዬ? ሁለተኛ ቢላ ላይኖርም ይችል ነበር። ያን ቀን ደብረ ታቦር ላይ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

እኔም እላለሁ፣ ልብ በል። ሁለታችሁ ጥፋቱን እንደ አባት ርስት እየተሻማችሁበት ነው፤ እግሩ ግን የኔ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ለአገሩ ገበሬ «አትዘግዩ፣ ዋግ የመታውን ማሳ ዛሬውኑ አሳዩ» እያልሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪሙ ሲናገር እኔም ጆሮ ነበረኝ። «አባ፣ ዛሬውኑ ይሠራልኝ» ማለት እችል ነበር። ቢላውን ፈራሁ። አባ ያንተን ደብዳቤ ሲያወጣ በልቤ እፎይ አልሁ። ጀሶው ውስጥ እግሬ ሲጣመም ይሰማኝ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል፤ ዝም አልሁ። ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኋትም፤ ላንተ የመጀመሪያዬ ነው።

አባ እንዴት እንደ ሆነ ልንገርህ። ከሆስፒታል በተመለስሁ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጅ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጥር ጥግ ካለው ካብ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ። እኔ ፊት ተንበረከከ። ጎረቤት ያያል። እናቴ «ኧረ ስለ ማርያም!» ብላ ጮኸች። ስንት ሰው አስታርቆ የሚኖር መሪጌታ፣ ከወለዳት ልጁ እግር ሥር።

«ይቅር በዪኝ» አለ።

«አባ፣ ድንጋዩን ያውርዱ።»

«ይቅር በዪኝና።»

«ድንጋዩን ያውርዱ» አልሁት። «ይቅርታው ግን ገና ነው። ይቅር ብያለሁ ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል። ልቤ ሲደርስ እኔው መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

እናቴ ደረቷን መታች። ለሽማግሌ፣ ለካህን፣ ድንጋይ ለተሸከመ ሰው ይቅር አለማለት ነውር ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። አባ ግን ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«እውነት ብለሻል» አለ። «ይህን ያህል እንኳ ነግረሽኛል። እጠብቃለሁ።»

እጄን ይዞ ተነሣ። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ከኛ ጋር ተቀምጦ ምሳ በላ። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹን አስጠራቸው። አሁን ይህን ስጽፍልህ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ አንዱ ተሳስቶ አባ እየተቆጣው ነው።

እኔ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። መስከረም ሲጠባ ወደ ስማዳ እመለሳለሁ። ሩቅ ሩቁን ቀበሌ በበቅሎ አዳርሳለሁ፤ ሌላውን በክራንች።

ስላንተም ልንገርህ። ለኔ ብለህ ሥራህን አትተው። ጥለኸው ብትመጣ አንድ ሌላ ዕዳ ነው የምታሸክመኝ። ናፍቀኸን ከሆነ ና፤ ቤቱ ቤትህ ነው። ልትቀጣ ከሆነ ግን አትምጣ፤ እዚህ የሚቀጣህ ሰው የለም። ወደ መጭመቂያህ ተመለስ። ሲሰነጠቅ ተሰነጠቀ ብለህ ጻፍ፤ ሳይደርስ ሲጠይቁህ አልደረሰም በል፤ ያኔ ሰው ሌላ መንገዱን ይፈልጋል።

ላንተም ያለኝ ልብ ለአባ እንዳለኝ ነው። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ረስቼ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ደረጃ ስወጣ ስምህን እየጠራሁ እራገማለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ አልቻልሁም።

ገና ነኝ፣ ጥላዬ። እስከዚያው ግን ጻፍልኝ፤ ለአባ ሳይሆን ለኔ።

እኅትህ ሐረገ ወይን